ፍሬንና ሣር ያበቀለው ባሕር

ሰውየው መኪና መንዳት ያስተምራል። ዕድሜውን የፈጀው በሾፌሩ ወንበር ላይ ሳይሆን ከሾፌሩ ጎን ነው። እዚያ ደግሞ መሪ የለም፤ ያለው በእግር የሚረገጥ አንድ ትርፍ ፍሬን ብቻ ነው። ሰልጣኞቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፣ ዞር ሲል ግን ስሙ ፍሬን ነው። ያውቃል። መጀመሪያ ላይ ሊቆጣ ሞክሮ ስላልሆነለት ትቶታል። ሚስቱም ብትሆን ስትናደድበት የምትጠራው በዚሁ ስም ነው።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ቀኝ እግሩ ከሥራ ሰዓት ውጪም ሥራ ላይ ነው። ቴሌቪዥን እያየ መኪና ከመኪና ሊጋጭ ሲል ምንጣፉን ይረግጣል። ታክሲ ሲሳፈር ወለሉን ይረግጣል። የወንድሙ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራው የሙሽሪትን ቀሚስ ጫፍ ሊረግጥ ሲል፣ ፍሬን ካለበት ሆኖ የፊተኛውን ወንበር እግር በኃይል ረግጦ አንዲት የተከበሩ ባልቴት ብርጭቋቸውን ጭናቸው ላይ እንዲደፉ አድርጓል። ሙሽራው ቀሚሱን ከመርገጥ አልዳነም።

ከእግሩ ቀጥሎ የሚታወቀው በጩኸቱ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሰልጣኙ ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቅ፣ ስፖኪዮ ሳያይ ሲታጠፍ፣ ወደ ግራ ፍሬቻ አብርቶ ወደ ቀኝ ሲሄድ ልቡ አፉ ውስጥ ይገባና ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ብቻ ይሆናል። እንዲህ እያለ ብዙ ሰው መንጃ ፈቃድ አስይዟል። አንዳንዶቹ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩት ፍጥነት ይቀንሳሉ።

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ፋርማሲስት ሰልጣኝ፣ እጅግ ጨዋና ቀስ ብላ የምትናገር ሴት፣ አደባባዩን መዞር ሲገባት አደባባዩ ላይ ወጣች። ፍሬን ፍሬን ረገጠ። እሷ በበኩሏ ነዳጅ ረገጠች። መኪናው በሁለት ሐሳብ መሃል ተንፈራግጦ አበባው ውስጥ ቆመ። ፍሬን ሊጮህ አፉን ቢከፍት ድምፅ እምቢ አለው፤ ይልቅ አፍንጫው ደማ። ፋርማሲስቷ የእጁን ትርታ ያዝ አድርጋ ካዳመጠች በኋላ፣ በዚያው ለስላሳ ድምጿ «ጋሼ፣ እኔን ከማስተማርዎ በፊት እርስዎ ቢታከሙ ይሻላል» አለችው።

ታከመ። ዶክተሩ ደም ግፊቱን ለክቶ ቅንድቡን ሰቀለ፤ ደግሞ ለካ፤ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ ሌላ አስመጣ። ከዚያ ጨው ከለከለው። ጥብስ ከለከለው። ቁጣ ከለከለው፤ ይህ ለፍሬን እንጀራህን ተው እንደማለት ነው። በመጨረሻም ሥራ ሲወጣ ቁጭ ብሎ የሚያየው አንድ የሚያረጋጋ ነገር እንዲፈልግ መከረው። «ለምሳሌ ዓሣ» አለ፣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ያለውን የመስታወት ገንዳ በጣቱ እያሳየ። ሕመምተኞቹ ተራቸው አልደርስ ሲላቸው እሱን እያዩ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳቸው። ፍሬንም ሲወጣ ገንዳው ፊት ቆመ። ብርቱካናማ ሆነው ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ትናንሽ ዓሦች፣ ማንም ቅድሚያ ሳይከለክላቸው፣ ያለ ፍሬቻ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋሉ። አይጋጩም። እግሩ መሬት ላይ እንዳረፈ ቆየ።

ዓሣ ሻጩ ቀጭንና ሥራው ያሰለቸው የሚመስል ሰው ነበር። ጀማሪ ከሆንክ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ዓሣ ያዝ፣ እነዚያ ብርቱካናማዎቹ የባሕር ናቸው፣ ጨዋማ ውሃ ይፈልጋሉ፣ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው ብሎ ለመነው። ፍሬን አገር የሚያውቀውን ሰው መኪና አስተምሬ ሁለት ዓሣ ያቅተኛል ወይ ብሎ አፉን አስያዘው። ሻጩ ትከሻውን ሰብቆ ገንዳውን፣ ፓምፑን፣ መብራቱን፣ ድንጋዩንና አንድ ትልቅ ባልዲ ጨው ጫነለት።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከጓዳው ጎን ባለችው ክፍል ከሲንጀሯ ጋር ነው የምትውለው። ባልዲውን ስታይ መቀሷን እንደያዘች ወጣች።

«ዶክተሩ ምን ነበር የከለከለህ?»

«ጨው።»

«እና ባሕር ይዘህ መጣህ።»

ገንዳው ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። በነገራችን ላይ የሰው ቤት ሁሉ መጋረጃ የምትሰፋው ሴትዮ የራሷን የሳሎን መስኮት ራቁቱን ነበር ያስቀመጠችው፤ ዛሬ ነገ እያለች። ስለዚህ የጠዋቱ ፀሐይ በቀጥታ ውሃው ላይ ያርፍ ነበር። ፍሬን ያማረበት መሰለው። ዓሦቹ ከመግባታቸው በፊት ውሃው ከነድንጋዩ ረግቶ «መብሰል» አለበት ስለተባለ፣ ለሳምንታት ማታ ማታ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ድንጋይ አየ። ቤቱ የመጣ ሰው ሁሉ ምን እንደሚያይ ይጠይቀዋል። ዓሦቹ እንደሚመጡ ይነግራቸዋል። እነሱም ሳያስቀይሙት ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።

ዓሦቹ መጡ፣ ከነሱም ጋር ውሃውን የሚያጸዱ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች። ከቤቱ ሰው ሁሉ በላይ የተደሰቱት አማቱ ናቸው። እኚህ ሴት በጉልበታቸው ዘመን የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ የሚመግቡት ሕዝብ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሁለት ሰው ስለወረደባቸው ሥራ ፈተው ነበር። አማቻቸውን ጨው አስትተው ሲቆጣጠሩት ትንሽ ቀለል ብሏቸዋል። አሁን ደግሞ ወንበራቸውን ወደ ገንዳው አስጠግተው ዓሦቹን «ባልና ሚስት» ብለው ሰየሟቸው። ፍሬን ከሻጩ የሰማውን ነገራቸው፦ ትልቋ ሴቷ ናት፣ ቤቱን የምትገዛው እሷ ናት፣ እሷ ከሞተች ደግሞ ባልየው ራሱ ተለውጦ ሴት ይሆናል። አማቱ ጥቂት አሰቡና፣ ይህ ሥርዓት ለሌላውም ቢደርስ ብዙ ወንድ አደብ ይገዛ ነበር አሉ። ፍሬን ከዚያ ወዲያ የዓሣ ዕውቀቱን ለራሱ ያዘ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም አማረ። ደም ግፊቱ ወረደ። ከሥራ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ዓሦቹ ፊት ይቀመጣል፤ እነሱም ያውቁት ጀመር፣ ሲቀርብ ወደ መስታወቱ ይመጣሉ። በሥራ ላይ ጩኸቱ ስለቀነሰ ሰልጣኞቹ ታሞ እንዳይሆን ብለው ሰጉ።

ከዚያ አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ታየ። ጠረገው። ተመልሶ መጣ። ቡናማው ሲሄድ አረንጓዴው ተተካ፤ መጀመሪያ በመስታወቱ ላይ እንደ ጭጋግ፣ ቀጥሎ በድንጋዩ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር። ፀጉሩ አደገ። በወሩ ድንጋዮቹ ሁሉ ጠጉራቸውን ላለመቆረጥ የተሳሉ ይመስሉ ነበር። ፍሬን በጥርስ ብሩሽ ፋቀው፣ ጊዜው ባለፈበት መታወቂያ ላጨው፣ በጣቱ ነጨው። እሱ በነጨ ቁጥር ፀጉሩ እየበዛ ሄደ። የሥራ ባልደረቦቹ ባሕሩን ሊያዩ መጥተው ያገኙት ሜዳ ነው። አንደኛው ዓሣ ከምታስቀምጥበት በግ ብትለቅበት ያዋጣህ ነበር አለው። ሌላው፣ ደግ ሰው ነው፣ ምንም አላለም፤ ግን ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ፍሬን ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄዶ ጠረጴዛውን ደበደበ። ሻጩ በእርጋታ አልጌ ነው አለው፤ በሽታ አይደለም፣ ተመጋቢ ነው። ዓሦቹ የማይጨርሱትን ምግብና ኩሳቸውን ይበላል፣ የቧንቧ ውሃ ይዞ የሚመጣውን ይበላል፣ ከላይ ብርሃን ይጠጣል። መብራቱን ስንት ሰዓት ታበራለህ ሲለው፣ ነቅቼ እስካለሁ ድረስ አለ። መስኮት? አለ። ውሃውስ? የቧንቧ። ምግብስ? ፍሬን ደረቱን ነፍቶ በቀን አንዴ፣ ቁንጥር ብሎ መለሰ። ሻጩ መላውን ነገረው፦ መብራቱን ቀንስ፣ ፀሐዩን ጋርድ፣ የተጣራ ውሃ ተጠቀም፣ በእጅህ እየነቀልክ ከገንዳው አውጣ፣ ውሃውን በየሳምንቱ በከፊል ቀይር፣ ከዚያ ጠብቅ። ለሳምንታት፤ ምናልባትም ለወራት።

ፍሬን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማው «ጠብቅ» የምትለዋን ነው፤ እሷንም አልወደዳትም። ሰው ሊገጭ ያለን መኪና አይጠብቁትም፣ ፍሬን ይረግጡለታል። ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። እዚያ ያለው ሻጭ ፈገግተኛ ነበር፤ ምንም ሳይጠይቅ አንድ ጠርሙስ አወጣለትና ይህን ጠብ አድርግበት አለው። ፍሬን ጠብ አላደረገም። ገለበጠው።

በማግሥቱ አልጌው ነጣ። ፍሬን ሚስቱን ከስፌት ቤት ጠርቶ፣ አማቱን አስነስቶ አሳያቸው፤ ድል ነው። ከሰዓት በኋላ ግን የሞተው ሁሉ መበስበስ ጀመረ፣ ውሃው እንደ ሾርባ ደፈረሰ፣ ሳሎኑ ለሰው የማይነገር ሽታ ሸተተ። ቀንድ አውጣዎቹ አንድ በአንድ ከመስታወቱ እየለቀቁ ወደቁ። ባልና ሚስቱ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥተው አፋቸውን ወደ አየሩ ከፈቱ።

ፍሬን የቀኝ እግሩን ምንጣፉ ላይ ረገጠ፣ ደግሞም ረገጠ። የሚቆም ነገር የለም። ያነቃው የሚስቱ ድምፅ ነው። ቱቦውን አምጣ፣ ግማሹን ቅዳ አለችው። እሷ ባልዲ ሙሉ ውሃ ከጨው ጋር በመጥረጊያ እንጨት ማማሰል ያዘች፤ አማቱ በጡረታ ጉልበታቸው የደፈረሰውን ውሃ በሳህን እየቀዱ ወደ መታጠቢያ ቤት አመላለሱ፤ እሱ የጨው መለኪያውን እያነበበ ይነግራት ነበር። ቀድተው አፈሰሱ፣ ጨመሩ፣ የአየር ፓምፑን እስከ መጨረሻው ከፈቱ። ሲመሻሽ ሚስትየዋ ዓሣ ወደ ታች ወረደች። ባልየው ቆይቶ ተከተላት። ሦስቱም እርጥብ እንደሆኑ ሶፋው ላይ ተደረደሩ።

በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ነበረውና ዶክተሩ ደም ግፊቱን ለካው። ከመጀመሪያው ቀን በልጦ ተገኘ። ዓሣ እንዳልገዛ ጠረጠረና ጠየቀው።

«ገዝቻለሁ ዶክተር» አለ ፍሬን። «እሱ ነው።»

ከዚህ በኋላ ሰውየው ልክ ገባ። መብራቱን ቀነሰ። ሚስቱ ለመስኮቱ ወፍራም መጋረጃ ሰፋችለት፤ ለባሏ ለዓመታት ያልሰፋችውን ለዓሣ ሰፋች ብሎ ትንሽ አኮረፈ፣ ግን ሰቀለው። የተጣራ ውሃ በጀሪካን ተሸከመ። አዳዲስ ቀንድ አውጣዎች ገቡ። በየሳምንቱ መጨረሻ እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክንዱ ውሃው ውስጥ ገብቶ አልጌውን በጣቱ እየጠቀለለ ነቀለ። አልጌው ግን ወይ ፍንክች። የነቀለው ያህል በሳምንቱ በቅሎ ይጠብቀዋል። ውሃውን ጠረጠረ፣ ጨውን ጠረጠረ፣ ሻጩን ጠረጠረ፤ አንድ ሰሞን ቀንድ አውጣዎቹን ሳይቀር ጠረጠረ።

አንድ ቀን ሰልጣኙ ስለቀረበት በምሳ ሰዓት ወደ ቤት መጣ። በሩን ቀስ ብሎ ከፈተው፤ ሌላ ሐሳብ ኖሮት ሳይሆን ማጠፊያውን ዘይት የቀባው በዚያው ሰሞን ስለነበር ነው። አማቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ከገንዳው ፊት ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ የተቀቀለ እንቁላል። አስኳሉን በጣታቸው እየፈረፈሩ ይበትናሉ፣ ለዓሦቹም በዝግታ ያወራሉ። ሊናገር ሲል ሚስቱ ከስፌት ቤት ብቅ አለችና፣ እሱን ሳታየው፣ «እማዬ፣ ዛሬ እኮ እኔ ሰጥቻቸዋለሁ» አለች።

ሦስቱም ተያዩ። ዓሦቹ ከሆዳቸው ክብደት የተነሣ ወደ ጎን ዘመም ብለው ይዋኛሉ።

«እማማ» አለ ፍሬን፣ ድምፁን በጥርሱ ይዞ፣ «ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጡ ጀምሮ ነዋ። አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ሲለምኑ ዝም ብዬ ልይ?»

«እየለመኑ አይደለም። እየተነፈሱ ነው።»

«እኔን ልታስተምረኝ ነው? የተራበ አፍ አላውቅም?»

ሚስቱ ደግሞ ስፌቱ ሲሰለቻት ብቻ፣ አልፎ አልፎ፣ ትንሽ እንደምትሰጣቸው ተናገረች። ፍሬን ጣራውን አየ። እሱስ? የሚሰጠው በቀን አንዴ ነው፤ ቁንጥር። ሰልጣኝ ያበሸቀው ዕለት ግን ወደ እሱ ሲሮጡ ለማየት አንድ ቁንጥር ይጨምር ነበር፤ ሰልጣኝ ደግሞ የማያበሽቀው ዕለት የለም። ይህን ሲያስበው ሊጮህ ያዘጋጀው ነገር ጉሮሮው ላይ ቀረ። ጨርሶ ግን አልቀረም፤ ከፊሉ አመለጠው፣ ይህ ቤት ዓሣ ቤት መሆኑ ቀርቶ ምግብ ቤት ሆኗል አለ፣ ከተገቢው በላይ ጮክ ብሎ። አማቱ ሳህናቸውን አንሥተው ተነሡ። እኔ እዚህ ቤት ከበዛሁ ሌላዋም ልጄ በር አላት ብለው ክፍላቸው ገብተው ዘጉት።

ሁለት ቀን ምግብ ክፍላቸው ድረስ ገባላቸው። ሻንጣቸው አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ምንም ግን አልገባበትም፣ እንዲታይ ብቻ ነው የተከፈተው። ፍሬን በበራቸው ባለፈ ቁጥር ልቡ ይከብደዋል። ደግ አማት ናቸው፤ እናቱ ስትሞት አጠገቡ ተቀምጠው ያደሩ ሴት ናቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ሁለቴ ቆሞ ሁለቴ ተመለሰ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ ኖሮ ከጩኸት በኋላ የሚባለውን አልተማረም።

መላውን ያመጣችው ሚስቱ ናት፣ መርፌ አፏ ውስጥ ይዛ። «ሦስታችን ከምንመግብ አንድ ሰው ይመግብ። ለእሷ ስጣት።»

«ለእሳቸው? የፈጁን እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

«ዓሦቹ ጤነኛ ናቸው ብላ ስለምታስብ ነው። ታመዋል በላት።»

ፍሬን በሩን አንኳኳ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ሻንጣውን ላለማየት እየተጠነቀቀ ተናገረ። ያለው ነገር አጭር ነው፤ ቃላቱንም ሚስቱ በግድግዳው በኩል ሰምታቸዋለች።

«እማማ፣ ያን ዕለት ክፉ ተናገርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። ዓሦቹ ግን ታመዋል። ከልክ በላይ ነው የሚበሉት፣ ትርፉ ነው ገንዳውን ያበላሸው። አመጋገባቸውን የሚቆጣጠርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

አማቱ ሻንጣውን ከደኑ። ከዚያ የሆስፒታል ድምፃቸው ወጣ። «ቀድሞ አትለኝም ነበር? የታመመና ያልታመመ በአንድ ትሪ ይበላል?»

በማግሥቱ ሽርጣቸውን አጥልቀው ነገሩን ተረከቡት። የዓሦቹን ምግብ ቆርቆሮ ከሳሎን አንሥተው ክፍላቸው ቆለፉበት። በቀን አንዴ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ፣ ዓሦቹ ወዲያው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጭራሽ ምንም። የዓሦቹ አፍ ቢከፈት ቢዘጋ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ ሁሉም በሽተኛ ይለምናል፣ ልማዱ ነው። አንድ ከሰዓት ፍሬን አደባባይ ላይ የወጣች ሌላ ሰልጣኝ አበሳጭታው መጥቶ፣ ቂጣ ቢጤ ቆርሶ ወደ ውሃው ሲያስጠጋ እጁን በፎጣ መቱት። ሚስቱ እንኳን ስፌት ሲሰለቻት ገንዳውን ከሩቅ ነበር የምታየው።

አልጌው መጀመሪያ ማደጉን አቆመ። ፍሬን አላመነም። ቀጥሎ ሳሳ፣ ቀለሙ ገረጣ፣ ሲነቅሉት ከሥሩ ይለቅ ጀመር። ቀንድ አውጣዎቹ ቀሪውን ያዙት። አማቱም በአሮጌ የሹራብ ሽቦ ከየስንጥቁ እየጠቀለሉ ያወጡ ነበር፤ ገንዳ ፊት ተቀምጠው ሲሠሩ ከሩቅ ላያቸው ሰው ባሕር የሚሠሩ ይመስላል። ወራት ፈጀ። ከኋላ በኩል አንድ ጉንጉን እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ ሻጩ ተወው፣ ጨርሶ ንጹሕ ባሕር የለም ስላለው ፍሬን እያየ የማያይ ሆኖ ትቶታል። ይህ ለእሱ ከባድ ነገር ነው።

ድንጋዩ መልሶ ድንጋይ ከሆነ በኋላ፣ ባልየው ዓሣ አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ በአፉ መንከስ ጀመረ። የቀረውን አልጌ እየነጨ ይተፋል፤ ሚስትየዋ ከላይ ሆና ታያለች። ፍሬን ዓሣው አበደ ብሎ ሻጩ ዘንድ ደወለ። ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ድምፅ ሣቀና ቦታ እያጸዳ ነው፣ ሴቷ ልትጥል ነው አለው። እውነትም ድንጋዩ ላይ ብርቱካናማ ዕንቁላል ተለጠፈ፤ ባልየውም ከዚያ ሳይርቅ በክንፉ ያራግብለት ጀመር። አማቱ የወለደች ሴት በማንኪያ ጫፍ አትኖርም ብለው አዋጁን በራሳቸው ሥልጣን አሻሻሉ። ፍሬን ለመከራከር አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ጫጩቶቹ ግን አልታዩም። ድንጋዩ አንድ ጠዋት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከፊሉን ማጣሪያው ስቦት፣ ከፊሉን ወላጆቹ ራሳቸው በልተውት ይሆናል ብሎ ሻጩ ነገረው። ፍሬን ይህን ለአማቱ እንዴት እንደሚነግራቸው ግራ ገባው። ዙሪያውን ሲዞር አይተው ራሳቸው ጠየቁት፤ ነገራቸው። ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ሁለቱን ዓሦች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ ከዚያ የባሰ ወላጅ አይቻለሁ ብለው ሽቦአቸውን አነሡ። ሚስትየዋ ሳይቆይ ደግማ ጣለች።

ፍሬን አሁንም ያስተምራል፣ አሁንም ይጮሃል፤ ትንሽ ቀንሶ። ደም ግፊቱ ደህና ነው። ዶክተሩ ጨው መተዉ ነው ይላል። ፍሬን ዓሦቹ ናቸው ይላል። አማቱ ሁለቱም ሲናገሩ አያቋርጧቸውም፤ ቆርቆሮውን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ሶፋው ላይ አጠገቡ ይቀመጣሉ።